እመት ጠፉ

እመት መጥፋታቸው የታወቀው ጠዋት፣ ካምፑ ቁርስ ላይ ሳለ ነው። መጀመሪያ ያወቀችው የወጥ ቤት ኃላፊዋ ናት። ወደ ጓሮ ወጥታ የሽቦውን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ተከፍቶ በወጉ ማንጠልጠያው ላይ ተሰክቷል። ውስጥ ማንም የለም። የምግብ ሳህኑም፣ ጥጉ የተበላው ግራጫ ብርድ ልብስም አብረው ሄደዋል። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና፣ "እመት ጠፉ" አለች። ሻይ የያዘው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

እመት ውሻ ናቸው። የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ፈንጂ አነፍናፊ ሆነው ከአብዛኞቹ ወታደሮች ቀድመው ካምፑ የገቡ፣ ቡናማ፣ አንድ ዓይናቸውን ዳመና የሸፈነው አሮጊት። አዲስ ምልምል በመጣ ቁጥር "እሳቸው አለቃህ ናቸው፣ እርስዎ በላቸው" እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ቀልዱ ውሎ አድሮ ልማድ ሆነና ከሻለቃው በቀር እመትን "አንቺ" የሚል ሰው ከካምፑ ጠፋ።

ጠባቂያቸው ረጅሙ የሚባል ወታደር ነበር፤ በየበሩ ጎንበስ እያለ የሚያልፍ፣ ከሰው ይልቅ ከእመት ጋር ብዙ የሚያወራ። እመት የጠፉበት ምሽት የኋላ በር ተረኛ እሱ ነበር። ተቀያሪው ሲደርስ ቦታው ባዶ ነው። የውሻ ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። "የት ነበርክ?" ሲባል ዝም። "ሸጥካቸው?" ሲባል "አልሸጥኩም" ብሎ እንደገና ዝም። የዲሲፕሊን ማህደሩ ከዚያ በፊትም የወፈረ ስለነበር ሻለቃው ብዙ አልተጨነቀ፤ "በተደጋጋሚ የዲሲፕሊን ጉድለትና የመንግሥት ንብረት የሆነች ውሻ በመሸጥ" የሚል ደብዳቤ ጽፎ አሰናበተው።

ረጅሙ ስንብቱ ይሻርልኝ ብሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አመለከተ። ጉባኤውም ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሰውየው ውሻዋን ለመሸጡ ማስረጃው ምንድን ነው? ማስረጃ አልነበረም። ፖሊስ አጣርቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ መዝገቡም ዞሮ ዞሮ ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ኢንስፔክተሯ በምርመራ ሥራ ፀጉሯን ያሸበተች፣ ከነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሻይዋን ሳታቀዘቅዝ የምትጠጣ ሴት ናት። ውሻ ግን ትፈራለች። ልጅ ሳለች የጎረቤት ውሻ ተረከዟን ይዞ አልለቅም ብሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቡችላ እንኳ ካየች መንገድ ታቋርጣለች።

"ከካምፑ ስልክ የደወለልኝ ሰውዬ እመት ጠፉ ሲለኝ፣" አለች መኪናው ውስጥ፣ "ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ምን ለብሰው ነበር ብዬ ጠየቅኩት።"

ሾፌሩ ከምልምልነቷ ጀምሮ የሚያውቃት፣ መሪ ላይ ያረጀ ሰው ነው። "ምን አለሽ?"

"ቡናማ አለኝ።"

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት መኪናውን ዳር አስያዘ።

*

የሻለቃው ቢሮ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹ ራሳቸው ተሰልፈው የቆሙ ይመስላሉ። ሻለቃው ማህደሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

"ማህደሩ ራሱ ይናገራል። ሰልፍ ላይ አለመገኘት። ከዕቃ ግምጃ ቤት ያለፈቃድ ብርድ ልብስ ማውጣት። ትእዛዝ አለመቀበል። ከፈቃድ ዘግይቶ መመለስ። የሥራ ባልደረባ መሳደብ።"

"ለእነዚህ ሁሉ ያኔውኑ ተቀጥቷል?"

"ተቀጥቷል።"

"ታዲያ አሁን እንደገና ምን ያደርጋሉ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ?"

ሻለቃው ፊቱን ቅጭም አደረገ። "ሰው በአንድ ጥፋት አይባረርም፣ ኢንስፔክተር። በጠባዩ ነው የሚባረረው። ጠባዩ ደግሞ ይኸው።"

"ውሻዋ ያረጀች ናት አሉ። ማን ይገዛታል?"

"እሱን አንቺ አጣሪው።" ወረቀቶቹን አስተካከለና፣ "በሚቀጥለው ሳምንት በመርፌ እንድትወገድ ታዝዞ ነበር" አለ። "ደንቡ ነው። ማየት የማይችል አነፍናፊ አይቀመጥም። የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው።"

ኢንስፔክተሯ ይህን ጻፈች። ሊሞት ሳምንት የቀረው ውሻ ማን ምን ብሎ ይሰርቃል?

"ጠላት ነበራት?"

"ወጥ ቤቷን ጠይቂ። መርዝ አበላታለሁ ስትል ካምፑ በሙሉ ሰምቷል።"

*

ወጥ ቤት ከመሄዷ በፊት ግን ሃምሳ አለቃው ዘንድ ገባች። በማህደሩ ውስጥ ካሉት ሪፖርቶች ሥር ሁሉ ያለው ፊርማ የእሱ ነው። ጡረታው የደረሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲናገር እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሀል የሚያገላብጥ ሰው ሆኖ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ አለች።

"ረጅሙን ይጠሉታል?" አለችው ፊት ለፊት።

ሃምሳ አለቃው ፈገግ አለ። "እሱን የሚጠላ ሰው ካገኙ ያሳዩኝ። ያየሁትን መጻፍ ግን ግዴታዬ ነው። ሰልፍ ላይ ያልተገኘው እመት ሆዳቸውን አሟቸው ሲያሻቸው አድሮ ነው። ብርድ ልብሱም ለእሳቸው ነው። ያ ትእዛዝ አልቀበልም ያለውም በቀትር ፀሐይ አስፋልት ላይ አላሠራቸውም ብሎ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር ከነውሻህ አላሳፍርህም ሲለው ደግሞ በእግሩ መጣና ዘገየ።"

"ይህን ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ጽፈውታል?"

"ቅጹ ላይ የምክንያት ቦታ የለውም።" እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

የውሻ ቤቱ ቁልፍ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። አንዱ ረጅሙ ጋ፣ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ ደግሞ ዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ የፈለገ የሚያነሳው።

"እርስዎስ ያን ዕለት ምሽት የት ነበሩ?"

"እንደ ሰው ሁሉ አዳራሽ። የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ከኋላ ቆሜ ነበር የማየው። ያቺን የመጨረሻዋን ጎል በቴስታ ሲያስቆጥራት አዳራሹ ሊፈርስ ነበር የደረሰው።"

ስትነሳ የጠብታዋን ጠርሙስ አየት አድርጋ፣ "ዓይንዎን ያምዎታል?" አለችው።

"እኔን አይደለም። ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ነው።"

"እናትዎን?"

"አዎ፣" አለ እስክሪብቶውን መልሶ እያነሳ። "እናቴን።"

*

የወጥ ቤት ኃላፊዋ ከራሷ የሚበልጥ ብረት ድስት እየፈተገች ነበር። ቀና አላለችም።

"ብያለሁ፣ አልዋሽሽም እህቴ። መርዝ አበላታለሁ ብያለሁ። ሰውዬው በየቀኑ እየመጣ ይኼ ሥጋ ጨው በዝቶበታል፣ ይኼ አጥንት ስል ነው እያለ ናላዬን አዞረው። ለሰው ነው የማበስለው አልኩት። ክፉ ተናገረኝ፣ እኔም ተናገርኩት። አለቀ።"

"ጠዋት ወደ ውሻ ቤቱ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?"

ድስቱን መፈተግ አቆመች። ዙሪያዋን አየች፤ ማንም የለም።

"ለረጅሙ እንዳትነግሪው። ጨው የሌለው የተቀቀለ አጥንት ለብቻ አስቀምጥላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት እሱ ለሰልፍ ሲወጣ ነው የምወስድላቸው።" በእርጥብ እጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። "ዓይናቸው ባያይም እግሬን ያውቁታል። ከሩቅ ጭራቸው ሽቦውን ቷ ቷ ሲያደርገው ይሰማኛል።"

ኢንስፔክተሯ የወጥ ቤት ኃላፊዋን ስም በልቧ ሰረዘች። ሳህኑና ብርድ ልብሱ ግን ከልቧ አልወጡም። ሊሸጥ የሚሰርቅ ሌባ ጥጉ የተበላ ብርድ ልብስ ተሸክሞ አይሄድም።

*

ረጅሙን ያገኘችው ሚስቱ ፀጉር ቤት ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ መሬቱ ላይ የተቆረጠ ፀጉር። ረጅሙ አምፖሉን በራሱ እንዳይነካ አንገቱን ሰብሮ ፀጉሩን ይጠርጋል።

"ወታደር ነበር ያገባሁት፣" አለች ሚስቱ የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች። "አሁን ፎጣ አጣቢ ሆኖልኛል። ማጠቡን ደግሞ አሳምሮ ያጥባል፤ ብቻ ሲያሰጣው በሰልፍ ነው።"

ደንበኛዋ ሳቀች። ረጅሙም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

"ምሽቱን የት ነበርክ?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

"ቦታዬን ለቅቄ ነበር። እሱን አልክድም።"

"የት ሄደህ?"

ዝም።

"ለእኔም አልነገረኝም፣" አለች ሚስቱ። "ሌላ ሴት ጋ ነበር እንዳልል፣ የሱ ሌላ ሴት እመት ናቸው።"

"ዝም ካልክ እኮ ሸጥክ ነው የሚሉህ።"

"ይበሉ። በሕይወት ካሉ ለእኔ በቂዬ ነው።" መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "እኔ መክሰስም አልፈለግሁም ነበር። ሰው ጎትቶኝ ነው።"

"ማን ነው የጎተተህ?"

ሚስትየዋ ናት የመለሰችው። "ሃምሳ አለቃው። ከተሰናበተ ወዲህ ከዚህ ቤት እግሩ አልጠፋም። እጁን ይዞ ጠበቃ ዘንድ ወሰደው። ያን ሁሉ ሪፖርት የጻፈበት እሱ ራሱ፣ ይግባኝ በል እያለ መቀመጫ መነሻ አሳጣው። ይገርምሻል።"

ኢንስፔክተሯን በእርግጥ ገረማት።

*

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ውሻ የሚሸጥና የሚያሻሽጥ ሰውዬ አለ። ኢንስፔክተሯ ከመኪናው አልወረደችም፤ መስኮቱን ጣት የምታህል ከፈት አድርጋ ነው የጠየቀችው። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ እየሳቀ አስተረጎመላት።

"ረጅም ሰው? አዎ መጥቷል!" አለ ደላላው። "ወታደር ነው፤ አካሄዱ ያስታውቃል።"

ኢንስፔክተሯ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች። "ውሻ ይዞ?"

"ባዶ እጁን። ቡናማ፣ አንድ ዓይኗ የፈዘዘ አሮጊት ሊሸጥ ያመጣ ሰው አለ ወይ እያለ ነው የሚጠይቀኝ። እስካሁን ይመላለሳል። ብትመጣ እንዳትሸጥብኝ፣ ብትነክስህም አትምታት ብሎኛል። እኔ መች እመታለሁ?"

ሾፌሩ መኪናውን አስነሳ። "እንግዲህ የሸጠውን ውሻ ራሱ የሚፈልግ ሌባ ካለ እኔ መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ" አለ።

*

የእንስሳት ሐኪሙ ቤት ከካምፑ የኋላ በር ፊት ለፊት ነው፤ መሀል ላይ ሜዳ ብቻ አለ። ሐኪሙ ደጁ ላይ ተቀምጦ የበግ ግልገል በጡጦ እያጠባ አገኙት። ኢንስፔክተሯ የመጣችው የእመትን ጤንነት ለመጠየቅ ነበር፤ እሱ ግን ገና አፏን ሳትከፍት፣

"ረጅሙ እንዴት ሆነ? ወደ ሥራው መለሱት?" አላት።

"ለምን ይመልሱታል?"

"እንዴ፣ ያን ምሽት እኔ ጋ እንደነበረ አልተናገረም?" ግልገሉ ጡጦውን ሲለቅበት እንኳ አላስተዋለም። "እዚሁ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ነው የቆመው። ጠመንጃውን አንግቶ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ ፊርማህን አታኑር አለኝ። አንጀቴን በላው። እሺ፣ ድጋሚ ምርመራ ያስፈልጋታል ብዬ እጽፋለሁ፣ ጥቂት ወር ታገኛለች አልኩት። እውነቱን ለመናገር ድጋሚ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር አልነበራትም። ውሸት ነው ልጽፍለት የነበረው።"

"ለዚህ ነዋ ዝም ያለው። እርስዎን ላለማስነካት።"

ሐኪሙ ጡጦውን ወደ ግልገሉ አፍ መለሰ። "ይሄ ቂል፣" አለ በፍቅር። "ጻፊው። እኔ ነኝ ያልኩት በይ፣ ፊርማም ካስፈለገ አመጣለሁ።"

"ሰዓቱን ያስታውሱታል?"

"እንዴት አላስታውስም፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። መብራት ከሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ፣ እኔ በባትሪ ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነበር። የመጨረሻዋ ጎል የገባችው እሱ እዚህ ቆሞ ሲያለቅስ ነው። አለመጮህ አቃተኝ፤ እስካሁን አፍራለሁ።"

ኢንስፔክተሯ ከማስታወሻዋ ቀና አለች። "መብራት ጠፍቶ ነበር? ካምፑም ጭምር?"

"አንድ መስመር ነው እኮ።"

ወደ ወጥ ቤት ኃላፊዋ ስልክ ደወለች። አዎ፣ ከዕረፍት መልስ ወዲያው መብራት ሄዷል። ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። ወታደሩ ሁሉ የእሷን ትንሽ ሬዲዮ ከብቦ ነው ጎሏን የሰማት፤ በቴስታ ትሁን በእግር ያየ ሰው የለም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣" አለች ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘግታ፣ ወደ ሐኪሙ ዞራ። "እመት መድኃኒት ነበራቸው?"

"የዓይን ጠብታ። ጠዋትና ማታ። ያቺ ደህናዋ ዓይን የምታየው በሱ ነው። ከየትኛውም ፋርማሲ ይገዛል፤ የሰው መድኃኒት ነው።"

*

የሃምሳ አለቃው እናት የሚኖሩት አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት የከተማው ዳር ነው። የግቢው በር ክፍት ነበር። አሮጊቷ ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ መርፌ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ያለመነጽር፣ በአንድ ሙከራ ክር አስገቡባት። ጭናቸው ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። የተበላውን ጥግ እየጠቀሙ ነበር።

"እንደምን ዋሉ እማማ፣" አለች ኢንስፔክተሯ። "ዓይንዎ ደህና ነው?"

"የኔ ዓይን ምን ይሆናል? ከልጄ ዓይን ይሻላል። ግቢ፣ ግቡ።"

ከበርጩማው ጀርባ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለች አሮጊት ውሻ ተነስታ ተንጠራራችና አፍንጫዋን አስቀድማ ወደ ኢንስፔክተሯ መጣች። ኢንስፔክተሯ ወደ ሾፌሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። ውሻዋ ጫማዋን አሸተተች፣ ቦርሳዋን አሸተተች፣ የሽጉጧን ማህደር ረጋ ብላ አሸተተችና ቁጭ አለች። እንደ ሥራ ሰው።

"አትፍሪ ልጄ። መሣሪያ ይዘሻል ማለቷ ነው፤ እንዲህ ናት። ጡረታ የወጣች ናት። ልጄ ነው ያመጣት፣ መንግሥት ጡረታ አወጣት፣ መዋያ አጣች ብሎ።" አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጎረቤቱ እኔን አንቺ እያለ እሷን እርስዎ ይላታል። ልጄ ነው ያስለመዳቸው።"

ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። በጎኑ አልፎ ሃምሳ አለቃው ገባ። በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው ትንሽ የመድኃኒት ከረጢት ይዟል። መኪናውን ውጭ ሳያየው አልቀረም፤ አልደነገጠም። እመት ተነስተው ጉልበቱ ላይ ራሳቸውን አሳረፉ።

"እማዬ፣ ሻይ ጣጂ፣" አለ። አሮጊቷ ወደ ውስጥ ገቡ።

"አላዩዋትም ጎሏን፣" አለች ኢንስፔክተሯ።

"በማግስቱ በቴሌቪዥን ሲደግሟት ነው ያየሁት።" በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ትእዛዙን እኔ ነኝ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት። እንድትወገድ ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውን፣ እንድትወገድ ብዬ። እጄ እምቢ አለኝ፣ ግን ጻፍኩ። ከዚያ እንቅልፍ አጣሁ።"

"ለረጅሙ ለምን አልነገሩትም?"

"ብነግረው ተባባሪ ይሆናል። ካላወቀ ንጹሕ ነው ብዬ። ያን ምሽት መብራቱ ሲጠፋ ወጣሁ። በኋላ በር እሱ ስላለ ምን ብዬ እንደማልፍ እየተጨነቅሁ ደረስኩ። ማንም የለም። መንገዱን እግዜር ከፈተልኝ አልኩ። እሱ ለሳቸው ሊለምን መሄዱን እንዴት ልወቅ?"

"ሲያሰናብቱትስ?"

ሃምሳ አለቃው የውሻዋን ጆሮ በሁለት ጣቱ ያሻል።

"ማስጠንቀቂያ ይሰጡታል ነበር ያልኩት። የስንብት ደብዳቤውን ሳነብ እኔ የጻፍኳቸው ቃላት ናቸው፣ አንድ በአንድ። የሻለቃው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጡረታዬ ደርሷል፣ እናቴ አሉ፤ ሰበብ መቼ ይጠፋል። እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። ጠበቃ ዘንድ ስወስደው፣ ጉባኤው ማስረጃ የለም ብሎ ይመልሰዋል፣ እኔም ዝም እንዳልኩ እቀራለሁ ብዬ ነው። እሱ ግን በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደ ይፈልጋቸው ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ብዙ ሌባ ይዛለች፤ አብዛኞቹን እጃቸው ላይ ካቴና ስታደርግ ቀልሏት ነው። አሁን ግን የከበዳት ነገር ነበር። አሮጊቷ ሻይ ይዘው ሲወጡ፣ ሃምሳ አለቃው ፊቱን አስተካክሎ ተነሳና ትሪውን ተቀበላቸው።

"ነገ ጠዋት እርስዎ ራስዎ ጣቢያ ይመጣሉ፣" አለችው ብርጭቆዋን እያነሳች።

"እመጣለሁ።"

"ውሻዋ የመዝገቡ ማስረጃ፣ ኤግዚቢት ናት። መዝገቡ እስኪዘጋ ማንም ሊነካትም፣ ሊያንቀሳቅሳትም፣ ሊያስወግዳትም አይችልም። ሻለቃውም ቢሆን። በአደራ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል።" ወደ አሮጊቷ ዞረች። "እማማ፣ እስክንጠራዎት ድረስ አደራ ይይዙልኛል?"

"ምን ትላለች? የራሴን ጡረተኛ ነው አደራ የምትሰጠኝ?" አሉ አሮጊቷ ልጃቸውን።

ሾፌሩ መኪናውን ወደ አስፋልቱ መለሰው። ከዚያ፣ "እነዚያ ሰዎች ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ እኮ፣" አለ፣ "አንዱ በሩን ይጠብቅ ነበር፣ አንዱ ይሸከም ነበር፣ ወጥ ቤቷ አጥንት ትልክ ነበር፣ ሐኪሙም ይፈርም ነበር። አንቺም ቤትሽ ትውዪ ነበር።"

*

ሃምሳ አለቃው በማግስቱ ፂሙን ተላጭቶ፣ የደንብ ልብሱን ተኩሶ ጣቢያ መጣ። አንድም ነገር ሳያስቀር ተናገረ። ሐኪሙም መጥቶ ፈረመ።

ጉባኤው ያለው አጭር ነው። የቀድሞዎቹ ጥፋቶች በጊዜያቸው የተቀጡ ስለሆኑ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም። ውሻዋን ሸጠ የተባለው ሐሰት ነው። የጥበቃ ቦታ መልቀቁ እውነት ስለሆነ ከደመወዙ ይቀጣ፤ ስንብቱ ግን ተሽሯል፣ ወደ ሥራው ይመለስ። ሐኪሙ በወቀሳ ታለፈ። ሃምሳ አለቃው ማዕረጉ ተቀንሶ ጡረታ ወጣ፤ ካምፑ ውስጥ ግን ዝቅ ባለው ማዕረግ ሊጠራው የደፈረ አልተገኘም።

ስለ ኤግዚቢቷ ምን ይደረግ ተብሎ ሻለቃው ሲጠየቅ፣ ማህተም ያለበት አንድ መስመር ደብዳቤ ላከ። "በዕድሜ ምክንያት ከንብረት መዝገብ ይሰረዙ፤ ባሉበት ይቆዩ።" ኢንስፔክተሯ ሁለቴ አነበበችው። ውሻን በመንግሥት ደብዳቤ "ይሰረዙ" ያለ አዛዥ አይታ አታውቅም።

ረጅሙ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እመትን ሊያይ ግን አልሄደም። "እዚያ ቤት አልገባም" አለ፣ አለቀ። ሚስቱ ናት ኢንስፔክተሯ ዘንድ የመጣችው። "ከሥራ ሲመለስ ወፈሩ አሉ፣ ከሱ አሉ እያለ ሰው ይጠይቃል። ሄደህ እይ ስለው ፊቱን ያዞራል። አንቺ በሕግ እዘዢልኝ።"

ኢንስፔክተሯም በሕግ አዘዘች። መዝገቡ ሊዘጋ ስለሆነ የቀድሞው ጠባቂ ውሻዋን በአካል አይቶ ያረጋግጥ የሚል፣ የትም ያልተጻፈ ደንብ ፈጠረች። ሾፌሩ ሰምቶ ጣራ ጣራውን አየ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ረጅሙ ከመኪናው ወርዶ የግቢው በር ላይ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ መግባት ነበረበት፣ አልገባም። እመት ፀሐይ ላይ ተኝተዋል። ቀና አሉ፤ ያቺ የምታየው ዓይን ወደሌላ አቅጣጫ ነው የምታየው። ከዚያ አፍንጫቸው ሠራ። ተነሱ፤ ለመሮጥ ሞከሩ፣ ወገባቸው አልታዘዝ ብሎ ግማሽ ሩጫ ግማሽ እርምጃ ሆነ። ረጅሙ እዚያው በሩ ላይ፣ መሬት ላይ፣ እንደ መሰላል ታጥፎ ተቀመጠ። ፊቱን አንገታቸው ውስጥ ቀብሮ ብዙ ቆየ። ኢንስፔክተሯ ወደ ዛፉ ዞራ ቅጠል አየች።

ሃምሳ አለቃው የቤቱ ደረጃ ላይ በሲቪል ልብስ ቆሟል። እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል።

ረጅሙ ቀና አላለም። በጣቱ የእመትን ጎን ዳሰሰ፣ ወገባቸውን ዳሰሰ፣ ሆዳቸውን ዳሰሰ።

"ወፍረዋል፣" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ከደረጃው ላይ፣ "እናቴ ናቸው" የሚል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። "በድብቅ ያበሏቸዋል።"

"በዚህ ዕድሜ ክብደት ለወገባቸው ጥሩ አይደለም።"

"እነግራቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም።"

"ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ያራምዷቸው። አስፋልት ላይ አይደለም፣ ሣር ላይ።"

"ሣር ላይ ነው የማራምዳቸው።"

"ጠብታውስ?"

"አንድም ቀን አልተዘለለ።"

ረጅሙ አሁን ቀና አለ። እውነቱ ከወጣ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሾፌሩ መኪናው ጎን ቆሞ ሲጋራውን መለኮስ ረሳ።

"ሃምሳ አለቃ፣" አለ ረጅሙ።

"አቤት።"

"እኔ እሑድ እሑድ ነፃ ነኝ። ከተመቸዎት፣ እሑድ እኔ ላራምዳቸው።"

ሃምሳ አለቃው ከደረጃው አንድ እርምጃ ወረደ። የመለሱት እናቱ ናቸው፤ ከውስጥ፣ ማሰሮ ላይ ጎንበስ እንዳሉ።

"ታዲያ እዚያ በሩ ላይ ምን ይጎልትሃል? ና ግባ፣ ራስህን እንዳትመታ ጎንበስ በል።"